ከጋኑ እስከ ጽዋው፦ በቤት የሚጠመቅ መጠጥ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ

መግቢያ

በከተማም ሆነ በገጠር የሚያገለግሉ እረኞች ደጋግመው የሚገጥማቸው አንድ ጥያቄ አለ። ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ወደ ጌታ ትመጣለች፤ የደቀ መዝሙርነት ትምህርቷንም ትጨርሳለች። የጥምቀቷ ቀን ሲቃረብ ግን ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ጋኖቿን እስክታስወግድ ድረስ ጥምቀቷ ይቆይ? ወይስ ተጠምቃ ሥራውን ቀስ በቀስ ትተው? ብትተወውስ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ይህ ጉዳይ በሴሚናሪ ክፍል ሲነሳ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን፣ ከመጠጥ መታቀብ ግልጽ የመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝ ነውና ክርክር አያሻውም ይላል። ሌላው ደግሞ መታቀቡ ከውጭ ሚሲዮናውያን የተቀበልነው የባዕድ ልማድ ነው ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ሁለቱም አባባሎች ታሪኩን እንደሚያሳጥሩት ነው። የወንጌላውያን መታቀብ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያንን ታሪክ ማወቅም በጋኗ ለምትተዳደረው እናት የምንሰጠውን መልስ ይለውጠዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጋኑ ሥራ

ስለ መጠጥ የሚጽፉ የነገረ መለኮት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጠጪው ላይ ነው። ታሪኩን ከጠማቂዋ ብንጀምር ግን ብዙ ነገር ይታያል። ጠላ ለመጥመቅ አስቀድሞ ገብሱ በውኃ ተነክሮ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪበቅል ይጠበቃል፤ ከዚያ ደርቆ ብቅል ይሆናል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። ቀጥሎ ቂጣው ተጋግሮና ተቆራርሶ፣ ብቅሉም ተፈጭቶ ይጨመራል፤ የተቆላው እህል ዱቄት ገብቶ ድፍድፉ ከተብላላ በኋላ ጋኑ በውኃ ሞልቶ ይከደናል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራው የሴት ጉልበት ነው፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ መፍጨቱና ማጥለሉ ሁሉ። ጠጅ በአንጻሩ ማር፣ ውኃና ጌሾ ብቻ ስለሚፈልግ ሥራው ያንሳል፤ ማሩ ግን ውድ ነው። ስለዚህም ጠጅ ለረጅም ዘመን የመኳንንት፣ ጠላ ደግሞ የባላገር መጠጥ ሆነው ቆይተዋል።

በጋኑ ውስጥ የሚሆነው ነገር ዛሬ የታወቀ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጣል፤ ጌሾው ምሬት ይሰጣል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። በአውሮፓ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሆፕስ የተባለው ተክል ነው፤ በ1516 የባቫርያ መሳፍንት ያወጡት የታወቀ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ያዝዝ ነበር። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 6 የሚደርስ አልኮል ይኖረዋል። አረቄ ግን በእሳት ተንኖ የሚወጣ በመሆኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። ይህ ልዩነት በኋላ በምናየው ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለው።

ቃላቱ የሚነግሩን

በብሉይ ኪዳን ከወይን ቀጥሎ ደጋግሞ የሚጠቀሰው መጠጥ በዕብራይስጥ «ሼካር» ይባላል። ቃሉ በአካድኛ ቢራ ከሚባልበት «ሺካሩ» ጋር አንድ ሥር አለው። ለእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሥሩ እንግዳ አይደለም፤ «ሰከረ» እና «ስካር» የምንለውም ከዚያው ነው። ስለዚህ ሼካርን የማያሰክር ጭማቂ አድርጎ መተርጎም አይቻልም። ይሁን እንጂ ዘዳግም 14፥26 ይህንኑ መጠጥ በእግዚአብሔር ፊት ደስ ብሎ ከሚበላውና ከሚጠጣው ጋር ይቆጥረዋል፤ ምሳሌ 20፥1 ደግሞ ያንኑ መጠጥ ሁከተኛ አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ለትርጓሜ አይበጅም።

የጥንቱ የግእዝ ተርጓሚዎች በሉቃስ 1፥15 ላይ ለዚህ መጠጥ የተጠቀሙት ቃል «ሜስ» ነው፤ ትርጉሙም የማር ጠጅ ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ የአገራቸው ሰው የሚያውቀውን መጠጥ ወሰዱ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ወይን ለብቻው ሳይሆን «የወይን ጠጅ» ተብሎ መተርጎሙ የዚሁ ቅጥያ ነው። የቃና ዘገሊላን ታሪክ በአማርኛ የሚሰማ ሰው ጠጅ ሳያስብ መስማት አይችልም። አሳዳሪው የቀመሰው መጠጥ ምን እንደ ነበር የሚነሳው ክርክር ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ከትርጉሙ ጀምሮ መልስ ያገኘ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ፦ ጠጅ በማዕድ፣ ዘቢብ በመሠዊያ

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ያስገዛቸውን የቤጃ ነገዶች ወደ ሌላ ምድር ሲያሰፍር በመንገድ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በድንጋይ አስቀርጿል። በግሪክኛ የተጻፈው ክፍል ከዳቦና ከከብት ጋር ቢራን፣ ወይንንና ውኃን ይጠቅሳል። መጠጥ በዚህ ጽሑፍ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ አይታይም፤ ከስንቅ ጋር የሚቆጠር ምግብ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ጠላ ከሰንበቴ፣ ከማኅበር፣ ከተዝካርና ከደቦ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። በመኳንንት ግብር ላይ አሳላፊው መጠጡን ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው። ነህምያም በአርጤክስስ ዘንድ የነበረው የጠጅ አሳላፊነት የዚህ ዓይነት የመታመን ሥራ ነበር።

የጌታ እራት ጽዋ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ካህናቱ ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ዘቢብ በውኃ ነክረው በመጭመቅ እንደሚያዘጋጁ ጽፏል። የወይን ተክል በብዛት በማይገኝበት ደጋ፣ ጠጅ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያን ማሩን ትታ ከሩቅ የሚመጣውን ዘቢብ መረጠች። ምክንያቱ ወንጌላቱ ስለ ጽዋው ሲናገሩ የወይንን ፍሬ መጥቀሳቸው ነው። ዛሬም ዘቢቡ ለቅዳሴው ተነክሮና ተጨምቆ ስለሚቀርብ በእጅጉ ለመፍላት ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ በኢትዮጵያ ያልፈላ የወይን ፍሬ በጌታ ማዕድ መቅረቡ ከሚሲዮናውያን መምጣት በፊት የታወቀ ነበር፤ ይሁን እንጂ መነሻው መጠጥን መጥላት አልነበረም።

የተሐድሶ ቤት፦ ካታሪና በዊተንበርግ

ተሐድሶውን የምንወድ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር የማርቲን ሉተር ቤት ቢራ የሚጠመቅበት ቤት እንደ ነበር ነው። በ1525 ሉተርን ያገባችው የቀድሞዋ መነኩሲት ካታሪና ፎን ቦራ በዊተንበርግ የነበረውን አሮጌ ገዳም ተረክባ ተማሪዎችን፣ እንግዶችንና ስደተኞችን ታስተናግድበት ነበር። አትክልቱን፣ ከብቱንና የቢራውን ጠመቃ የምትመራው እርስዋ ነበረች። ሉተር በ1534 ከቤቱ ርቆ ሳለ በጻፈላት ደብዳቤ የእርስዋ ቤት መጠጥ እንደ ናፈቀው ገልጾላታል። በዚያ ዘመን ቢራ የቤተሰብ ምግብ ክፍል ነበር፤ ጠመቃውም ከእንጀራ ጋገራ የማይለይ የቤት እመቤት ሥራ ነበር።

ይህ ማለት ሉተር ስካርን ችላ ብሏል ማለት አይደለም። በ1539 ከ1ኛ ጴጥሮስ 4 ስለ መጠን መኖር ባስተማረው ስብከቱ የሕዝቡን ስካር በብርቱ ገሥጿል። ሉተር በመጠጡና በስካሩ መካከል መስመር አስምሯል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ትውልድ ግን መስመሩን ሌላ ቦታ ላይ ማስመር ግድ ሆነበት።

ከዌስሊ እስከ ዌልች

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ጂን የተባለው ርካሽ መናፍስታዊ መጠጥ የለንደንን ድሆች ፈጀ፤ ነገሩ እየከፋ ሄዶ ፓርላማው በ1751 ሽያጩን የሚያጠብቅ ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። ጆን ዌስሊ በ1743 ለማኅበሮቹ ባወጣው አጠቃላይ ደንብ ስካርን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለውን ብርቱ መጠጥ መግዛትን፣ መሸጥንና ያለ ከባድ ምክንያት መጠጣትን ከለከለ። ልብ እንበል፤ ክልከላው ያነጣጠረው በእሳት በሚወጣው መጠጥ ላይ ነበር፤ በቤት ቢራ ላይ አልነበረም። በእኛ አነጋገር፣ ዌስሊ የተነሳው በአረቄው ላይ እንጂ በጠላው ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላው የዌስሊ ሥራ ደግሞ ይህ ነው። በ1746 በለንደን ከምእመናን ገንዘብ ሰብስቦ ለድሆች በጥቂቱ የሚያበድር ካዝና አቋቋመ። ተበዳሪው እስከ 20 ሺሊንግ ይወስድና በሦስት ወር ውስጥ ይመልስ ነበር። የሸማኔውም ሆነ የትንሽ ነጋዴው ሥራ በዚህ ገንዘብ ይቃና ነበር። ዌስሊ የጂን ንግድን ሲኮንን ለድሃው ሌላ በር ከፍቶለት ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በ1826 በቦስተን የተመሠረተው የአሜሪካ የመታቀብ ማኅበር መጀመሪያ የተቃወመው ብርቱውን መጠጥ ነበር። በ1832 በእንግሊዝ ፕሬስተን ከተማ ጆሴፍ ላይቭሲና ጓደኞቹ ግን ከቢራና ከወይንም ጭምር ሙሉ በሙሉ ለመታቀብ ቃል ኪዳን ፈረሙ። እንቅስቃሴው በአትላንቲክ ማዶና ማዶ ተስፋፋ። በ1874 በአሜሪካ ክርስቲያን ሴቶች ለዚሁ ዓላማ ኅብረት መሠረቱ፤ ብዙዎቹ የተነሱት ደመወዙን በመጠጥ ቤት ጨርሶ የሚመጣ ባል በሚስትና በልጆች ላይ የሚያደርሰውን በዓይናቸው ስላዩ ነው። ይህን ሳናስብ እንቅስቃሴውን ጠባብነት ብቻ አድርገን ብናየው እንበድላቸዋለን።

ታዲያ ሙሉ መታቀብ ሲሰበክ የጌታ እራት ጽዋ ጥያቄ ውስጥ ገባ። ሰካራም የነበረ ሰው ከስካር ወጥቶ ወደ ማዕዱ ሲመጣ ያንኑ መጠጥ እንዴት እንስጠው? በኒው ጀርዚ ግዛት በቫይንላንድ ይኖር የነበረው የጥርስ ሐኪምና የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ቶማስ ብራምዌል ዌልች በ1869 መልስ አገኘ። ሉዊ ፓስተር እርሾ በሙቀት እንደሚሞት ባሳየው ዕውቀት ተመርቶ የወይኑን ጭማቂ በጠርሙስ አድርጎ አሞቀው፤ ጭማቂውም ሳይፈላ ቆየ። ከዚያ በፊት የወይን ጭማቂን ዓመቱን ሙሉ ሳይፈላ ማቆየት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ በብዙ የወንጌላውያን አጥቢያዎች የሚቀርበው ጭማቂ በዚህ ግኝት ላይ የቆመ ነው። በኋላ እንቅስቃሴው የሕግ ኃይል አገኘና ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ አስካሪ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከለከለ።

ወንጌሉ ወደ ደቡብ ሲመጣ

የሱዳን የውስጥ ክፍል ሚሲዮን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ ሲደርስና በ1928 ወደ ወላይታ፣ ወደ ሀድያና ወደ ሲዳማ ሲወርድ በአሜሪካ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1866 ምጽዋ የደረሰው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም የመጣው የመታቀብ እንቅስቃሴ ከመንፈሳዊ መነቃቃት ጋር ከተሳሰረበት አገር ነው። ስለዚህ መልእክተኞቹ ስለ መጠጥ ያላቸው አቋም ከአገራቸው ታሪክ ጋር አብሮ መምጣቱ አይካድም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዘሩ የወደቀበት መሬት ባዶ አልነበረም። በብዙ የደቡብና የምዕራብ አካባቢዎች ጠላ፣ ቦርዴ ወይም ፋርሶ ለመናፍስትና ለሞቱ አባቶች ይፈስስ ነበር፤ በቃልቻው ደጅ፣ በመከርና በልቅሶ መጠጡ ከአምልኮው ጋር የተያያዘ ነበር። ከዚያ ሕይወት ለወጣ ሰው መጠጡን መተው ማለት ጌታውን መለወጡን በአደባባይ መመስከር ነበር። ይህ ከቦስተን ክርክር ይልቅ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 10 ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ነገር ከሚናገረው ጋር ይቀራረባል።

ሚሲዮናውያኑ በ1937 በጣልያን ወረራ ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሬው ሲሰማ ቁጥራቸው ወደ 10,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ያንን ዘመን ቤተ ክርስቲያንን የመሩት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የመታቀቡ ልማድ በእነርሱ እጅ ጸንቶ ከቆየ፣ የፈረንጅ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ አማኞቹን ማሳነስ ይሆናል። አባቶቻችን ለራሳቸው ምክንያት መርጠውታል። ጎረቤቱም «ጴንጤ አይጠጣም» እያለ መታቀቡን የማንነት ምልክት አድርጎ ተቀበለው።

ምልክት ግን አደጋ አለው። ከጊዜ በኋላ ምልክቱ የወንጌሉን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ስላልጠጣ ብቻ ራሱን ጻድቅ አድርጎ የሚቆጥር፣ ሐሜትና ጉቦ ግን የማይከብደው አማኝ በየአጥቢያው አለ። ሬካባውያን በኤርምያስ 35 የተመሰገኑት ወይን ባለመጠጣታቸው ሳይሆን ለአባታቸው ቃል በመታዘዛቸው ነው፤ ነቢዩም ይህን ያነሳው እግዚአብሔርን ያልሰማውን ሕዝብ ሊወቅስበት ነው።

ለእረኞች የሚሆን መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ነገር መውሰድ እንችላለን።

አንደኛ፣ መታቀብን ስናስተምር በትክክለኛው ስሙ እንጥራው። መጽሐፍ ቅዱስ ስካርን ኃጢአት ይለዋል፤ በኤፌሶን 5፥18 ላይ ምንም ብዥታ የለም። መታቀብ ደግሞ ለወንድም ሲባል በፍቅር የሚመረጥ መንገድ ነው፤ ሮሜ 14፥21 የሚያስተምረው ይህን ነው። በእኔ እምነት በአገራችን ሁኔታ፣ ስካር ስንቱን ቤት እያፈረሰ ባለበት፣ አረቄም በየመንደሩ በረከሰበት ጊዜ፣ መታቀብ ብልህና የሚደገፍ ምርጫ ነው። ነገር ግን ብልህ ምርጫን የመዳን መስፈርት ካደረግነው ወንጌሉን እንጎዳለን፤ መጽሐፉ ያልፈላ ጭማቂን ብቻ ያውቃል ብለን ከተከራከርንም ሼካር የሚለው ቃል ራሱ ያሳፍረናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽዋው እርስ በርስ አንፈራረድ። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ያፈላውን ወይን፣ የአገራችን ካህናት ዘቢቡን፣ የዌልች ወራሾች ጭማቂውን አቅርበዋል፤ ሁሉም የወይን ፍሬ ነው። ከስካር ለወጣ ወንድም ሲባል ያልፈላውን ማቅረብ የፍቅር ሥርዓት ነው። ቀሪቦ ወይም ብርዝ በፍቅር ማዕድና በሠርግ ላይ መልካም ምትክ ናቸው፤ የጌታን እራት ጽዋ ግን ለወይን ፍሬ መተው ከጥንት የወረስነው ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የጠማቂዋ እናት ጉዳይ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥21 በጌታ ማዕድ ላይ የሰከረውን ሲወቅስ በዚያው ቁጥር የሚራበውንም ይጠቅሳል። በቆሮንቶስ የተሠራው በደል አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሲነሳ ሌላው ባዶ ሆዱን መሄዱ ነው። እኛም የሰከረውን ብቻ አይተን የተራበችውን ካላየን የጥቅሱን ግማሽ አንብበናል ማለት ነው። ሥራዋን እንድትተው የሚመክራት ሽማግሌ ጉባኤ በዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በምን ትኖራለች? ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበሶ ወይም ለሻይና ቡና ሥራ መነሻ የሚሆናት ገንዘብ ከየት ይመጣል? በአጥቢያው ያለው እቁብ ወይም የዲያቆናት ካዝና ሊያበድራት ይችላልን? ዌስሊ ደንቡንና ብድሩን ለያይቶ አላቆማቸውም።

ጠላ የጠመቀች እጅ ብዙ ታውቃለች፤ እህል መምረጥ፣ ማብቀል፣ መቁላት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ሂሳብ መያዝና ደንበኛን ማክበር። ይህ ዕውቀት ለሌላ ሥራ ይበጃል፤ የሚጎድላት መነሻው ብቻ ነው። ያንን መነሻ ልትሰጣት የሚገባትም ሥራሽን ተዪ ያለቻት ቤተ ክርስቲያን ናት። ጥምቀቷን የምናዘገይ ከሆነ የዘገየነው እኛ መሆናችንን አስቀድመን እንመርምር።